የበሩ ሠራተኛ

ባለፈው ዓመት ነው። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ውይይት ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተቀጥሬ ነበር። “ተቀጥሬ” ማለቴ ለአፍ ስለሚቀል ነው እንጂ፣ ለግማሽ ቀን የሚቀጠር ሰው የለም፤ ይከራያል። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ባለሙያ ወደ መድረኩ ወጡና ስለ “ተጣጣፊ የሥራ ስምሪት” ጥቅም ያብራሩ ጀመር። ዓለም የምትጓዘው ወደዚያ ነው አሉ። ቋሚ ቅጥር የሚባለው ነገር ዘመን አልፎበታል፤ ወጣቱ ራሱ ነጻነት ይፈልጋል፤ ድርጅቶችም እንደ ገበያው ሁኔታ መዘርጋትና መሰብሰብ መቻል አለባቸው አሉ። ተጨበጨበላቸው።

የእኔ ልብ ግን ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ እናቴ ቤት ገባ። እናቴ ቤት አንዲት ተጣጣፊ አልጋ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ ትወጣና ትዘረጋለች፤ እንግዳው ሲሄድ ታጥፋ ወደ በሩ ጀርባ ትመለሳለች። “ተጣጣፊ” የሚለውን ቃል የማውቀው በእሷ ነው። አልጋ ሲታጠፍ አይርበውም። የቤት ኪራይ አይጠየቅም። ልጅ ትምህርት ቤት አያስመዘግብም። ሰውን ያህል ነገር ሲያጥፉትስ የት ነው የሚያስቀምጡት? እጄን አውጥቼ ይህንኑ ብጠይቅ የቀን አበሌን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ጥሪ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ የባለሙያውንም ንግግር አንዲት ቃል ሳላጎድል ጻፍኩ። ያን ቀን የዋጥኩትን ነው እንግዲህ ዛሬ የማወጣው።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ጊዜያዊ ሥራ ከምድረ ገጽ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ቤት ተሠርቶ ያልቃል፤ ቡና ተለቅሞ ያልቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ቢሰናበት የሚደንቅ ነገር የለውም። የእኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው። ሥራው ቋሚ ሆኖ ሳለ ሠራተኛውን ጊዜያዊ ከሚያደርገው አሠራር ጋር ነው። ተጣጣፊ ተብሎ በአማረ ስም የሚጠራው በአብዛኛው ይኸው ነውና።

* * *

በሰፈራችን ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ የሚቆሙ ጥበቃ አሉ። ዕድሜያቸው ከአምሳ አልፏል። እኔ “ጋሼ” ነው የምላቸው። እዚያ በር ላይ መቆም ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ደንበኛውን በስሙ ይለዩታል፤ ለአሮጊቶቹ ወረፋ ይይዙላቸዋል፤ ጡረታ የሚወጣበትን ቀን ከገንዘብ ከፋዮቹ እኩል ያውቁታል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ የደንብ ልብሳቸው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ አሁን ደግሞ ጥቁር።

“ጋሼ፣ ይኸ ባንክ ልብስ ላይስ አይሰስትም” ብዬ ቀለድኩባቸው አንድ ቀን።

“ልጄ፣ የተለወጠው ልብሱ መሰለሽ? ጌታው ነው” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩ የጥበቃና የጽዳት ሥራውን ለኤጀንሲ ይሰጣል። የውሉ ዘመን ሲያበቃ አዲስ ጨረታ ይወጣል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሌላ ኤጀንሲ ያሸንፋል። አዲሱ ኤጀንሲ ሲመጣ በሩን የሚያውቅ ሰው ስለሚፈልግ እሳቸውን አያነሣቸውም፤ ልብሳቸውን ነው የሚያስወልቃቸው። አዲስ ውል ይፈርማሉ። አዲስ ዋስ አምጡ ይባላሉ። አገልግሎታቸው ከዜሮ ይጀምራል። በሩ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ የሌሊቱ ብርድም ያው ሆኖ፣ እሳቸው ግን በየሁለት ዓመቱ አዲስ ገቢ ናቸው።

“ታዲያ የማን ሠራተኛ ነኝ ይላሉ?” አልኳቸው።

“የባንኩ ነኝ እንዳልል ባንኩ አያውቀኝም። የኤጀንሲው ነኝ እንዳልል ኤጀንሲውን የማየው በወር አንድ ቀን ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው ከመጣ” አሉና ዘወር ብለው በሩን አዩት። “የበሩ ሠራተኛ ነኝ” አሉኝ።

ስቀን ተለያየን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፍቶ ነገሩ ብቻ ቀረ።

* * *

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰው ሕጉ ራሱ ጊዜያዊ ቅጥርን እንደፈለጉ የሚፈቅድ ይመስለዋል። አይደለም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 9 ላይ መነሻውን ያስቀምጣል። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ደንቡ ይህ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መቅጠር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ደግሞ አንቀጽ 10 እየነጠለ ይዘረዝራል፤ ተለይቶ የታወቀ ሥራን ለመሥራት፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የተለየን ሠራተኛ ለመተካት፣ ሥራ ከወትሮው ሲበዛ፣ አደጋን ለመከላከል በአስቸኳይ ሲፈለግ፣ ወቅት እየጠበቀ ለሚመጣ ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። በድንገት የተለቀቀን ቋሚ ቦታ በጊዜያዊ ሰው መሸፈን የሚቻለው እንኳ ከ45 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ይህ የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም የነበረ ነው።

እንግዲህ ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ ባንኩ በር እንመለስ። የባንክ በር ጥበቃ ወቅታዊ ሥራ ነው? ገንዘብ በክረምት ብቻ ነው የሚሰረቀው? ሥራው ከወትሮው የበዛ ነው? አልፎ አልፎ የሚሠራ ነው? የአንድ ሕንፃ ወለል በየቀኑ ይቆሽሻል፤ በየቀኑም ይወለወላል፤ ሕንፃው እስካልፈረሰ ድረስ ይወለወላል። ከዚህ የበለጠ ቋሚ ሥራ ካለ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሕጉ ደንብ ያደረገውን ኑሮው ልዩ ሁኔታ፣ ልዩ ሁኔታ ያደረገውን ደግሞ ደንብ አድርጎት ተገኘ።

ይህ እንዴት ሆነ ቢሉ፣ በመካከል ኤጀንሲ ስለገባ ነው። ባንኩ “ሰው አልቀጠርኩም፤ አገልግሎት ነው የገዛሁ” ይላል። ኤጀንሲው በበኩሉ “እኔ ከባንኩ ጋር ያለኝ ውል የሁለት ዓመት ነው፤ ለሠራተኛው ከዚያ የረዘመ ውል ከየት አመጣለሁ?” ይላል። ሁለቱም ወረቀታቸው ሙሉ ነው። ሁለት እውነት ተደምሮ አንድ ትልቅ ውሸት ይወጣዋል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ በር ላይ የቆመ ሰው “ጊዜያዊ” ይባላል።

ኤጀንሲ ሕገ ወጥ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሠራተኛን ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት አገልግሎት የሚያሰማራ ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕውቅና አለው። ኢትዮጵያ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ንም ተቀብላለች። ነገር ግን ያው ስምምነት ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይወስድ ይከለክላል። በደመወዝ፣ በሥራ ሰዓት፣ በማኅበራዊ ዋስትናና በሥራ ላይ ደኅንነት የኤጀንሲው ኃላፊነት የቱ ድረስ፣ የተጠቃሚው ድርጅት ኃላፊነት ደግሞ ከየት ጀምሮ እንደሆነ መንግሥት እንዲለይም ያዛል። በሰፈሬ ያሉት ጥበቃ ይህ ተለይቶ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ የማን ሠራተኛ እንደሆኑ ሲጠየቁ ወደ በሩ ዞረው ባላዩ ነበር።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የኤጀንሲ ሠራተኞችን አበሳ በተደጋጋሚ አንሥቷል። ጥሩ አድርጓል። እኔ ግን እንዲያው በጥቅሉ ኤጀንሲ ብቻ በሚረገምበት ጨዋታ ደስተኛ አይደለሁም። “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይሆናልና። ጨረታውን የሚያወጣ ማን ነው? ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ የሚሸልም ማን ነው? የጥበቃ ሥራ ማሽን የለው፣ ጥሬ ዕቃ የለው። ወጪው ማለት የሰው ደመወዝ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ዋጋ ወረደ ማለት ከሰው ላይ ወረደ ማለት ነው እንጂ ሌላ የሚወርድበት ቦታ የለውም። ጨረታ አውጪው ይህን ያውቃል። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንዳያየው መጋረጃ ገዝቶ ነው።

* * *

“ይህ ሁሉ ምን አዲስ ነገር አለው? ድሮም የቀን ሠራተኛ ነበር” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነበር። ወንጂ የሆላንዱ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሸንኮራውን ይቆርጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ከከምባታና ከሐዲያ የሚመጡ የወቅት ሠራተኞች ነበሩ። ክረምት ገብቶ ፋብሪካው ሲያርፍ እነሱም ይበተኑ ነበር። በግንባታ ሥራም “ካቦ” የሚባለው የሠራተኛ አለቃ ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ዳር ሰው መርጦ ሲወስድ የኖረ ነው። ነገር ግን ሸንኮራ ወቅት አለው። ሕንፃም ጣሪያ ይወጣለታል። ካቦው እንኳ ክፉም ቢሆን ፊቱ ይታወቅ ነበር፤ ሠራተኛው ማንን እንደሚረግም ያውቅ ነበር። የዛሬው አዲስነት ወቅት የሌለውን ሥራ እንደ ሸንኮራ ቆረጣ መቁጠሩ ነው፤ የሚረገመውንም ሰው ፊት መደበቁ ነው።

ደግሞም የዚያን ዘመን ሠራተኛ ወደ ሕግ ያደረሰው መደራጀቱ ነው። ኮንፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሠራተኞችን ጉዳይ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ዓ.ም. ወጣ። ዛሬ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የመደራጀትን፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓት የማግኘትን፣ የዕረፍትንና የደመወዝ ፈቃድን መብት ደንግጓል። ታዲያ የእኛ ጥበቃ የት ይደራጁ? የባንኩ ማኅበር የባንኩ ሠራተኛ አይደሉም ይላቸዋል፤ ከባንኩ የኅብረት ስምምነትም ውጪ ናቸው። የኤጀንሲው ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሁለቱ ቦሌ፣ ሁለቱ መርካቶ፣ ሦስቱ ቃሊቲ፣ እያንዳንዱ በየበሩ ለብቻው ቆሟል። በር ጠባቂ በሩን ትቶ ስብሰባ አይሄድም።

እዚህ ላይ የቋሚዎቹን የሠራተኛ ማኅበራት ሳልወቅስ ባልፍ ለህሊናዬ አይመቸኝም። ጥበቃና ጽዳት ወደ ኤጀንሲ ሲዛወር ብዙዎቹ “እኛን አይነካንም” ብለው ዝም አሉ። “የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል” የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። መጀመሪያ ጥበቃው ሄደ፣ ቀጥሎ ጽዳቷ፣ ቀጥሎ ሾፌሩና ተላላኪው። የዛሬው ባለ ጠረጴዛ የነገው ባለ ሦስት ወር ውል እንደማይሆን የማለለት ማን ነው?

* * *

ባለ ሦስት ወር ውል ካልኩ ስለ ራሴ ልናገር። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ከወጣሁ ወዲህ ቋሚ የተባልኩበት ቀን የለም። መጀመሪያ በጽሑፍ ሂሳብ እየተከፈለኝ ሠራሁ፤ ያልታተመ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ይቆጠር ነበር። ቀጥሎ አንድ ድርጅት በሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በሦስት ወር ውል አስገባኝ። ውሉ እየታደሰ አራት ዓመት ቆየሁ። ዐሥራ ስድስት ጊዜ ፈርሜአለሁ ማለት ነው። ጋብቻ እንኳ ይህን ያህል ፊርማ አይጠይቅም።

የሦስት ወር ውል በሰው ጠባይ ላይ የሚሠራውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። በመጀመሪያው ወር ሰው ነሽ። በሁለተኛው ወር ድምፅሽ ይቀንሳል። በሦስተኛው ወር የአለቃው ቀልድ ሁሉ ያስቃል። የታመመ ሰው አልታመምኩም ይላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ነውር ይሆናል። ሐሰት የሆነ ዜና ጻፊ ብትባዪ፣ እምቢ የሚለው ቃል ጉሮሮሽ ድረስ መጥቶ የውሉን ማለቂያ ቀን ይቆጥርና ተመልሶ ይወርዳል። ማንም አላስፈራራኝም። የሚያስፈራራኝ ወረቀት በፋይሌ ውስጥ ተቀምጧልና ሰው አላስፈለገም። “ነጻነት” የተባለው ይህ ከሆነ ነጻነት የአሠሪው ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ዝምታው ነው።

በዚያው ድርጅት በጽዳት የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። እሷም የሦስት ወር ውል ነበራት፤ ስንት ጊዜ እንደታደሰላት ቆጥራ አታውቅም። አረገዘች። አዋጁ ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን ማሰናበትንም ይከለክላል። መልካም ሕግ ነው። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ግን ውሏ አለቀ። ማንም አላባረራትም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ውሏ ነው ያለቀው። ለነገሩ ሂሳቡን ማንም ልጅ ይሠራዋል፤ የ120 ቀን ፈቃድ በ90 ቀን ውል ውስጥ አይገባም። ሕጉን የጣሰ ሰው የለም፤ ሕጉ የሚገባበትን ቦታ ነው ያጠበቡት።

እኔም ያን ቀን ምንም አልተናገርኩም። የእኔ ውል ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ አሠራሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ነው። ሠራተኛን ከደመወዙ ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ከጎኑ ካለው ሰውም ይለየዋል።

ሌላውም ኪሳራ እንዲሁ ነው። ዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርበታል። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ገቢ ለሚሆነው ጥበቃ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያው ዓመት ነው። የስንብት ማስጠንቀቂያ ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። የእሳቸው አገልግሎት ግን ዘጠኝ ዓመት የሚደርስበት መንገድ የለም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጣው የጡረታ ሕግ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ ይጠይቃል፤ የዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያሻል። ሦስት ኤጀንሲ የተፈራረቀበት ሰው፣ አንዱ ከፍሎ ሌላው ሳይከፍል ቢቀር፣ በስድሳ ዓመቱ የትኛውን በር ያንኳኳል? “ላም አለኝ በሰማይ” ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

ከወረቀቱ ውጪ ያለውም አለ። እቁብ ልግባ ቢል “ዕጣ ከወጣለት በኋላ ሥራው ቢያልቅስ?” ተብሎ ዋስ ይጠየቃል። ቤት ልከራይ ቢል አከራይዋ “ቋሚ ነህ?” ትለዋለች። ሲያልቅ አያምር፣ ያ በሩን የሚጠብቁለት ባንክ ራሱ፣ ጋሼ ገብተው ብድር ቢጠይቁት፣ የቋሚ ሠራተኝነት ማስረጃ አምጡ ይላቸዋል።

* * *

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሠለጠነው ዓለም ደግሞ ሌላ ስም አውጥተውለታል። በስልክ መተግበሪያ ተጠርቶ ሰው የሚያመላልሰውን ሾፌር ሠራተኛ አይሉትም፤ “አጋር” ነው የሚሉት። መኪናው የራሱ፣ ነዳጁ የራሱ፣ ቅጣቱ የራሱ ሆኖ፣ ዋጋውን የሚወስነው ግን ስልኩ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2013 ዓ.ም. የኡበርን ክርክር ውድቅ አድርጎ፣ ሾፌሮቹ ቢያንስ ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ሲል ወሰነ። በካሊፎርኒያ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ፤ ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለቅስቀሳ አፍስሰው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ሾፌሮቹ የግል ሥራ ተቋራጮች ሆነው እንዲቀሩ አስደረጉ። በሎስ አንጀለስም በዋሽንግተንም መሪ የጨበጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና፣ ይህ ክርክር የሩቅ ዘመድ ክርክር ነው ብለን የምንሸኘው አይደለም። አዲስ አበባም ላይ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ምግብ የሚያደርሰው ወጣት ያው “አጋር” ነው። ሲወድቅ ግን አጋሩ የሚያነሣው አላየሁም። ከጀርባው ያለው ሳጥን ላይ ያለው ምግብ መፍሰሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቁት።

አሁን የሚሰነዘርብኝን መልስ ልቀበል። አንደኛው “ሥራ አጥ በሞላበት አገር ጊዜያዊ ሥራም ሥራ ነው፤ ከመሞት መሰንበት” የሚለው ነው። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ እኔ ራሴ ዐሥራ ስድስት ጊዜ የፈረምኩት ለዚህ ነው። ነገር ግን ተጣጣፊ ቅጥር የባንክ በር አልፈጠረም። በሩ ጠባቂ ያስፈለገው ሕጉ ስለላላ አይደለም፤ ውስጡ ገንዘብ ስላለ ነው። ጥበቃው ቋሚ ቢሆን በሩ አይነቀልም፤ ወለሉም ሳይወለወል አይቀርም። የሥራው ብዛት ያው ሆኖ የተለወጠው፣ ከሥራው የሚገኘው ጥቅምና በሥራው ላይ የሚመጣው አደጋ ለማን እንደሚደርስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው “ቋሚ ያደረግነውን ሰው ማሰናበት አይቻልም፤ ሰነፍ ታቅፈን እንቀራለን” የሚለው ነው። ይህም እውነት የለውም። አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያም በኋላ ጥፋት ያጠፋን ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ችሎታው ያነሰን በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ሥራ የቀነሰበት ድርጅትም ሠራተኛ የሚቀንስበት ሥርዓት ተጽፎለታል። ሕጉ ከአሠሪው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምክንያት። ተጣጣፊ ቅጥር ተወዳጅ የሆነው ማሰናበት ስለማይቻል አይደለም፤ ምክንያት መስጠት ስለሚያደክም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ አገልግሎት በደንብ ልብሱ ሳይሆን በሥራው ይቆጠር። ኤጀንሲ ሲለወጥ ሰውዬው እዚያው በር ላይ ከቀረ፣ ዓመቶቹም አብረውት ይቅሩ። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱን የሚገዛው ድርጅት ላልተከፈለ ደመወዝና ላልገባ የጡረታ መዋጮ ከኤጀንሲው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሁን፤ መጋረጃው ይቀደድ። ያን ጊዜ ጨረታ አውጪው ራሱ የኤጀንሲውን መዝገብ ሳይጠሩት ይመረምራል። ሦስተኛ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ ለሠራተኛው የሚከፈለውና ለኤጀንሲው የሚቀረው ተለይቶ ይጻፍ፤ ውድድሩ በኤጀንሲው ድርሻ ላይ ይሁን እንጂ በሠራተኛው እንጀራ ላይ አይሁን። ከእነዚህ ውስጥ ድርጅትን የሚያከስር አንዱን አሳዩኝ።

እኛ ጸሐፊዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ስለ ሰው ልጅ ክብር በየገጹ እየጻፍን፣ አራሚውንና ለቃሚውን በቁርጥ ሂሳብ እያሠራን የምናወጣ መጽሔቶች ብዙ ነን። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ይህችን አንቀጽ ሳይቆርጡ ካወጡልኝ አመሰግናለሁ፤ የምጽፍላቸው በጽሑፍ ሂሳብ ነውና።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ሳላስረክብ ትናንት ማታ በባንኩ በኩል አለፍኩ። ጋሼ በቦታቸው ነበሩ። አዲስ ጨረታ መውጣቱን ነገሩኝ።

“አሁን ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም ይሆን?” አልኳቸው ለመሳቅ ያህል።

እሳቸው ግን አልሳቁም። “ቀለሙስ ምንም ይሁን፤ ዋስ ነው የጨነቀኝ። ያለፈው ዋሴ አርፏል። አሁን ማንን ብዬ እለምናለሁ?” አሉኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድል የጠበቁ ሰው፣ ለታማኝነታቸው ዋስ ይፈልጋሉ። ለእሳቸው ነገ ዋስ የሚሆን ግን ማን አለ?